ስንደዶ አፍንጫ በ2,500 ብር፦ "ቅርጽ ምረጪ" ያሉኝ ሰዎች ለኔ እንዴት ነበሩ

ከ5 ኮከብ 2 ነው የምሰጣቸው፣ ሁለቱም ለትህትናቸው ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ቱርክ ወስደን አፍንጫ እናሰራለን ከሚሉት የቴሌግራም ቻናሎች አንዱ ናቸው፣ እዚህ ጎንደር ብቻ የማቃቸው ሶስት ሴቶች ፎቶ ልከውላቸዋል፣ እኔም መላኬን የሰማ ሁሉ እንዴት ነው እንዴት ነው እያለ ስላስቸገረኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

አገልግሎቱ እንዲህ ነው፣ 2,500 ብር ታስገቢያለሽ፣ ከፊት ከጎንና ከስር የተነሳሽውን ሶስት ፎቶ ትልኪያለሽ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ያንቺኑ ፊት ሶስት አይነት አፍንጫ አድርገውበት ይልኩልሻል፣ ከዛ 20 ደቂቃ በቪዲዮ ያወሩሻል፣ የወደድሽውን ትመርጫለሽ። እንደ ቀሚስ። እኔ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬ እስኪመጣ በፊት ካሜራ ተነሳሁና ላኩ፣ በስንት ርቀት ነው የተነሳሽው ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው የጀመረው፣ ግማሹ የኔ ነው እሺ።

አፍንጫሽ ምን ሆኖ ነው ለምትሉኝ፣ ከጎን ሲታይ መሃሉ ላይ ጉብታ አለው፣ ጫፉም ወፈር ይላል። ያባቴ ነው። ደንቢያ ያሉ ዘመዶቻችን ሰርግ ላይ ሲሰበሰቡ ጉብታው ተሰልፎ ነው የሚቀመጠው። ለእናቴ ስነግራት "አንች! አባትሽን በዚህ አፍንጫ አደል እንዴ የወደድሁት" ብላ ሳቀች፣ ቆይታ ግን የምሬን እንደሆነ ስታይ "አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እኛ አገር ቆንጆ ሲወደስ አፍንጫዋ ስንደዶ ነው የሚባለው፣ ሰልካካ ነው የሚባለው፣ ጉብታ ያለው አፍንጫ የተዘፈነለት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ፎቶዎቹ መጡ። "ናቹራል"፣ "ስሎፕ" እና "ባርቢ" ይሏቸዋል። ናቹራሉ ጉብታውን ብቻ አንስቶ ሌላውን አልነካውም፣ ስሎፑ መሃሉ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሏል፣ ባርቢው ጫፉ ወደ ላይ ተነስቶ ፊት ለፊት ስታዩኝ ሁለቱም ቀዳዳ ወለል ብሎ ይታያል። የአክስቴ ልጅ አይታው "እታለም ይሄ እኮ ክረምት ላይ ዝናብ ይገባበታል" አለችኝ። ቻናላቸው ላይ የለጠፏቸውን የሌሎች ሴቶች ፎቶ ሳይ ደሞ ሁሉም ላይ ያለው አፍንጫ አንድ ነው፣ ፊቱ ክብ ይሁን ረጅም ለውጥ የለውም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ናቸው ትዝ ያሉኝ፣ ከቅንድብ በሚወርድ መስመር ሁሉም አንድ አይነት አፍንጫ። እነሱ ግን መላእክት ናቸው፣ መተንፈስ አይጠበቅባቸውም።

አሁን ስለ ካሜራው ልንገራችሁ፣ ከሁሉም በላይ ያበሸቀኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አለ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሳችሁት ሰልፊ አፍንጫን በ1 ሜትር ተኩል ከተነሳችሁት ፎቶ ጋር ሲነጻጸር ወደ 30 ፐርሰንት አስፍቶ ነው የሚያሳየው፣ ምክንያቱም ሲጠጉት አፍንጫ ከጆሮና ከጉንጭ ይልቅ ለካሜራው ቅርብ ይሆናል። ይሄን ሳነብ የአክስቴን ልጅ ይዤ ፋሲል ግቢ አጥር ጋ ሄድኩ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቃ በኋላ ካሜራ ትንሽ ዙም አርጋ አነሳችኝ፣ በጥላ፣ ሳልስቅ፣ ምክንያቱም ሲስቁ አፍንጫ ይሰፋል ጫፉም ወደ ታች ይወርዳል። ጉብታው አለ፣ አልካድም። ሰፊ ነው ብዬ ዓመት ሙሉ የተቃጠልኩበት አፍንጫ ግን ፎቶው ላይ የለም፣ የስልኬ ሌንስ ነበር። 2,500 ብር ከፍዬ ያላገኘሁትን በነጻ አገኘሁ በሉት።

ከዛ በፊትም ማታ ማታ በአንድ በኩል አየር ስለማይገባልኝ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ነበረኝ፣ በዛው ፎቶዎቹን አሳየሁት። ሐኪሙ መጀመሪያ ፎቶውን አላየም፣ አፍንጫዬን ነው ያየው፣ በመብራት ውስጡን አየ፣ አንዱን ቀዳዳ ዘግቼ እንድተነፍስ አረገኝ፣ ጫፉን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አርጎ ቆዳውን ለካ። ለካስ ሁለቱን ቀዳዳ የሚከፍለው መሃል ግድግዳ ወደ ግራ ታጥፏል። ቆዳዬ ደሞ ወፍራም ነው፣ ወፍራም ቆዳ ማለት ስስ ጨርቅ ሳይሆን ጋቢ ማለት ነው፣ ከስር ያለውን ቅርጽ አያሳይም። ከስሩ ያለውን ለስላሳ አጥንት በጣም ከቀነሱት ቆዳው ተከትሎ አይሰበሰብም፣ ጫፉ ይድቦለቦላል እንጂ ስንደዶ አይሆንም፣ አንዳንዴም መተንፈሻው ይጠባል። ስለዚህ እንደኔ አይነት አፍንጫ ላይ ብዙ ጊዜ ከመቁረጥ ይልቅ መደገፍ ነው የሚሻለው አለኝ፣ ለድጋፍ የሚሆነውን ለስላሳ አጥንት ከራሱ ከመሃል ግድግዳው ወይ ከጆሮ፣ ሲብስ ከጎድን ነው የሚወስዱት። ይሄን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ማን ነገረኝ? ስልክ ላይ ቆዳ የለም፣ በጣት ሲጎትቱት ይሄዳል።

በአፍንጫ ስርና በላይኛው ከንፈር መሃል ስላለው አንግልም ነግሮኛል፣ ለሴት ብዙ ጊዜ ከ95 እስከ 110 ዲግሪ፣ ለወንድ 90 ና 95 አካባቢ ነው የሚሉት፣ የኔ ባርቢ ከዛ ዘሎ ሄዷል። የአፍንጫ ስፋት በሁለቱ ዓይኖች ውስጠኛ ጥግ መሃል ያለውን ያህል ይሁን የሚባለውን እቤት ገብቼ በማስመሪያ ለክቼ አልፌበት አገኘሁት፣ ግን ልኩ ከድሮ የአውሮፓ ሰዓሊዎች የመጣ ነው፣ በሱ ከሄድን ግማሽ ጎንደር ሊሰራ ነው። ሌላው ያልጠበቅሁት አገጭ ነው፣ አገጭ ገባ ያለ ከሆነ አፍንጫ ያለ ጥፋቱ ትልቅ ይመስላል፣ ከጎን ፎቶ ላይ አገጫችሁን ሸፍናችሁ እዩት እስኪ።

የቪዲዮ ጥሪው ላይ እንግዲህ ይሄን ሁሉ ይዤ ነው የገባሁት። ልጅቷ በጣም ጨዋ ናት፣ እህቴ እህቴ እያለች። መሃል ግድግዳው ታጥፏል ስላት "እሱ ችግር የለውም በዛው ይስተካከላል" አለች፣ ሳያዩት። ማን ነው የሚሰራኝ ስላት "ስትደርሺ ትተዋወቂያለሽ"። ፎቶው ላይ ያለው ይወጣል ወይ ስላት ትንሽ አስባ "95 ፐርሰንት"። ይቺን ቁጥር ከየት እንዳመጣቻት እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም፣ ሐኪሙ እኮ ፎቶ ለመነጋገሪያ ነው ቃል አይደለም ብሎኛል።

ፓኬጃቸው 7 ቀን ነው። አፍንጫ ላይ የሚለጠፈው መደገፊያ የሚነሳው በሳምንት ገደማ ነው፣ የዛን ቀን አውሮፕላን ላይ ነሽ ማለት ነው። እብጠቱ በተለይ ጫፉ ላይ ያለው ሙሉ ለሙሉ ሲወርድ ዓመት ይፈጃል፣ ቆዳው ወፍራም ከሆነ ከዛም ያልፋል፣ አዘዞ ኤርፖርት ወርጄ አፍንጫዬ ቢደማ ማን ጋ ልሂድ ስላት "ዋትሳፕ ላይ 24 ሰዓት አለን" አለችኝ። መነጽርስ? እኔ ከላክሁላቸው ሶስት ፎቶ ሁለቱ ላይ የመነጽር ምልክት አፍንጫዬ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከተሰሩ በኋላ ለሳምንታት መነጽር አፍንጫ ላይ ማሳረፍ አይቻልም፣ እኔ ያለ መነጽር ባጃጅ ከሰው አለይም፣ አንድም ሰው አላነሳውም።

ጥሩውንም ልናገር፣ ቶሎ ይመልሳሉ፣ አማርኛቸው ግልጽ ነው፣ ፎቶዎቹን ባይሰሩልኝ ኖሮ ደሞ የምጠላው ጉብታውን ብቻ እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ሁሉንም የምጠላ ይመስለኝ ነበር። ለዛ ግን 2,500 ብር በዛ።

ትናንት "ውድ እህታችን እስከ ጥምቀት 10 ፐርሰንት ቅናሽ አለን" ብለው ጻፉልኝ፣ ብሎክ አረኳቸው። ባርቢዋን አጠፋኋት። ናቹራሉን አላጠፋሁም፣ ከፋሲል ግቢው ፎቶ ጋር አብሬ ፕሪንት አስደርጌዋለሁ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዤው ነው የምሄደው፣ መጀመሪያ ግን መተንፈሻዬ።