የተንበረከከችው ጀርመን፦ ቅንጡ ሴዳን ጎንደር ላይ ዓመት ከሁለት ወር

ታናሽ ወንድሜ ያገባው ጥር ላይ ነው። ሙሽራዋን የምታወጣት የኔ መኪና ነበረች። ማታ አጥቤ፣ ሪባን አስሬ አዘዞ ግቢያችን ውስጥ አቆምኳት። ጠዋት ስወጣ ኋላዋ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። እንደ ግመል ተንበርክካለች። እናቴ አይታ "ምነው ልጄ፣ ደከማት እንዴ?" አለችኝ። ሙሽራዋን በጎረቤት ኮሮላ አወጣናት።

መኪናዋ የ2013 እ.ኤ.አ. ስሪት የሆነች የጀርመን ትልቅ ሴዳን ናት። ስሟን አልጠራም። ስገዛት 118 ሺህ ኪሎ ሜትር ታነብ ነበር፤ እኔ 16 ሺህ ጨምሬባታለሁ።

በመጀመሪያ ስለዚያ መንበርከክ። ኋላዋ የተሸከመው በሞላ ሳይሆን አየር በተሞላ የጎማ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቅና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ጠዋት ሞተር ስታስነሱ ኮምፕረሰሩ መልሶ ይሞላዋል፣ እናንተም ደህና ናት ብላችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ ወራት እንዲያ ሄጃለሁ። ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ከርሞ ተቃጠለ። ያን ጊዜ ትልቁን ስህተት ሠራሁ፤ ኮምፕረሰሩን ብቻ ቀየርኩ። በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ማለት ይሄ ነው። አዲሱም ሁለት ወር አልሞላውም። ከረጢቱ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቼ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳውን በአምስት ደቂቃ አየው ነበር።

በመጨረሻ ነገሩ የገባው መካኒክ ኮፈኑን ዘግቶ እንዲህ አለኝ፦ "ወንድም ዓለም፣ ሞተሩን ተወው፣ ጤነኛ ነው። የሚገልህ ላስቲኩና ፕላስቲኩ ነው።"

እውነቱን ነው። ከባሕር ዳር ስንመለስ፣ አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱ ላይ የሙቀት መብራት በራ። የራዲያተሩ ውሃ መያዣ ፕላስቲክ ተሰንጥቋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የኔ ሞተር ደግሞ ከ100 ዲግሪ በላይ እየሞቀ እንዲሠራ የተሠራ ነው። ውሃውን ከመፍላት በዋናነት የሚይዘው የታመቀው ግፊት ነው። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃውም ወዲያው ይንተከተካል። ቶሎ ባላቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞተር እድሳት ነበር። (የቧንቧ ውሃ እየጨመራችሁ የምትነዱ ደግሞ ተዉ፤ ውስጡ ዝገትና ነጭ ድንጋይ ይሠራል።)

ዕቃው ጎንደር የለም። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፣ ፎቶ ይላካል፣ ብር ይላካል፣ ከዚያ 700 ኪሎ ሜትር አልፎ በአውቶቡስ ይመጣል። አንዴ የግራ ብዬ የቀኝ መጣልኝ። ገንዘቡ ያማል፣ ግን እኔን የጨረሰኝ ጥበቃው ነው። በ14 ወር ውስጥ መኪናዋ 61 ቀን ቆማለች፤ ማስታወሻ ይዣለሁ።

ጎማዋ ሲተነፍስም የሚነዳ ዓይነት ነው፤ ለዚህ ብለው መጠባበቂያ ጎማ አልሰጧትም። ቢተነፍስ በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። ጎንደር ባሕር ዳር 180 ገደማ ነው፤ ቀሪውን ራሳችሁ አስቡት። ጠርዙ ድርቅ ያለ ስለሆነ ጎሚስታው እየተራገመ ነው የሚፈታው። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ እያንዳንዷን ድንጋይ ወገባችሁ ይቆጥራታል።

ካምቢዮዋ እንከን የላትም። ዘይቱ "የዕድሜ ልክ ነው" ይባላል፤ አትመኑ። ካምቢዮውን የሚሠራው ዜድ ኤፍ ራሱ ከ80 እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ቀይሩ ይላል። ቀየርኩ፣ ማርሹ ቅቤ ሆነ።

ታዲያ ለምን አልሸጣትም? ማታ ከማራኪ ወደ አዘዞ ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ ስነዳት የቀኑ ድካም ይወጣልኛል። ሌላም አለ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ገበያው ላይ የሚዞረው ያው ያረጀው ነው። የኔን ሸጬ የሌላ ሰው ራስ ምታት ልገዛ?

ሰሞኑን የኮሮላው ጎረቤቴ "እንለዋወጥ እንዴ?" አለኝ። በመጀመሪያ አንድ ሌሊት ግቢህ አሳድራትና ጠዋት እያት አልኩት።