ጃማይካ ስትሄዱ፦ ኪንግስተን ወይስ ኔግሪል?

ጊዜው አጭር የሆነ ተጓዥ ዋና ከተማዋን ኪንግስተንንና በምዕራብ ዳርቻ ያለችውን የመዝናኛ ከተማ ኔግሪልን ሁለቱንም ላዳርስ ባይል ይሻላል፤ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ይራራቃሉ።

ባሕር፦ ኔግሪል ያለ ክርክር ትበልጣለች። “ሰባት ማይል” የሚባለው ዳርቻ አሸዋው ነጭ፣ ውሃው የረጋ ነው፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ባሕሩ ላይ ነው። ከኪንግስተን መዋኘት ያማረው በከተማዋ ወደብ መግቢያ ካለችው ፖርት ሮያል በጀልባ ወደ ትንሿ ደሴት ላይም ኬይ ይሻገራል።

ባህልና ታሪክ፦ እዚህ ላይ ኪንግስተንን የሚያክል የለም፤ ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ይበልጥ ልብ ይነካል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ሲደርሱ ራስተፈሪያን አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቀውት ነበር፤ ዕለቱን ዛሬም ያከብሩታል። በማክስፊልድ ጎዳና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለች። በሆፕ ጎዳና ቁጥር 56 ያለው የቦብ ማርሊ መኖሪያ ሙዚየም ሆኗል፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የተተኮሰበት ጥይት የበሳው ግድግዳ እንዳለ ይታያል። እኔ ብሆን ለዚህ ቤት ብቻ አንድ ሙሉ ጠዋት እመድባለሁ።

ወጪ፦ ባሕር ዳር ያሉ ሆቴሎች ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ይወደዳሉ።

ጥንቃቄ፦ ኪንግስተን ውስጥ ሰፈር ይለያያልና ማታ በእግር አትዙሩ፤ ቀይ ታርጋ ያለው ታክሲ ያዙ። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ይህ ለሁለቱም ነው።

ልጆች ለያዘ፣ ማረፍ ብቻ ለፈለገ ወይም አውሮፕላኑ ለኔግሪል በምትቀርበው ሞንቴጎ ቤይ ከተማ ለሚያርፍ ኔግሪል ትሻላለች። ሬጌን፣ ራስተፈሪያንንና የአገራችንን አሻራ ለሚፈልግ ኪንግስተን።