መጀመሪያ መንገዱን ላሳዩኝ ደላላ

ደላላ በአደባባይ ሲመሰገን ብዙ አልሰማችሁም አይደል? እኔም አልሰማሁም። ግን እኚህን ሰው ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሥራ ተዛውሬ ስመጣ የምፈልገው ቤት በእግሬ ሥራ የሚያደርሰኝን ነበር። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በሁለት ታክሲ ስጋፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። በቃኝ።

የመጀመሪያው ደላላ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ቤቱ ያምራል። «ከጅማ መርካቶ 5 ደቂቃ ነው» አለኝ። ለካ በባጃጅ ነው! በዚያ ላይ የ6 ወር ቅድሚያ። ተውኩት።

ከዚያ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ከጋሼ ጋር አገናኘኝ። (ስማቸውን አልጽፍም፤ «አደባባይ አታውጪኝ» ብለውኛል።) ስንት ክፍል እንደምፈልግ እንኳ ሳይጠይቁ «ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» አሉኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ስላቸው ቀጠሮውን ለዚያው ሰዓት አደረጉት፤ ያውም ሐሙስ፣ የሂርማታ ገበያ በሚደምቅበት ቀን። «እሁድ ጠዋትማ የትኛው ሰፈር አያምርም?» አሉ።

ከቢሮዬ በር ጀምረን በእግር ሄድን። ያካፋ ነበር። እሳቸው ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየጠቆሙ፣ መብራት የሌለው ምሰሶ ይሄ፣ እስከ ሦስት ሰዓት የማይዘጋው ሱቅ ያ፣ ውሻ ያለበት ግቢ እዚያ እያሉ አሳዩኝ። በአዌቱ ወንዝ ዳር የሚወስደውን አቋራጭ ሲያሳዩኝ «በበጋ ብቻ!» አሉ። በጅማ ዝናብ ያ ጭቃ ጫማ ያስቀራል።

የመጀመሪያው ቤት ቀለሙ ገና ይሸታል። ጋሼ አልጋ የሚገባበትን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱና አከራዩ ፊት «ይሄ ግድግዳ ውሃ ጠጥቷል፤ እንሂድ ልጄ» አሉ። የራሳቸውን ኮሚሽን ጥለው ማለት ነው! አከራዩ የሰጣቸውን ዓይን አልረሳውም።

ሁለተኛውን ተከራየሁ። ፎቅ ላይ ነው፤ ሮቶ አለው፤ ከቢሮ 14 ደቂቃ። አከራይዋ የ3 ወር ቅድሚያ ሲጠይቁ ጋሼ ረጋ ብለው «በቤት ኪራይ አዋጁ፣ በ1320/2016፣ ከ2 ወር አይበልጥም እኮ» አሏቸው። ውሉም የ2 ዓመት ሆነ። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ የመብራት ክፍያ እንዴት እንደምንካፈል ሳይጻፍ አላስፈረሙንም። ከተስማማነው ኮሚሽን በላይ አንድ ብር አልጠየቁም። ቡናውን ግን ሁለት ስኒ ጠጥተው፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ታሪክ ከነጂሬን ዳገቱ አውርተው ነው የሄዱት።

ጉድለታቸውን ልንገራችሁ፦ ቴሌግራም የላቸውም፤ ፎቶ አይልኩም፤ ሲያወሩ ማቆሚያ የላቸውም። ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም።

ጅማ ቤት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት አያነሱም፤ ከዙሁር በኋላ ደውሉ።