የግራፊክስ ኢንተርንሺፕ፦ ማተሚያ ቤት፣ ማስታወቂያ ድርጅት ወይስ ስቱዲዮ?

የግራፊክስ ዲዛይን ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤውን ከዩኒቨርሲቲው እንደተቀበለ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የማስታወቂያ ድርጅት በር ነው። ቢሮው ያምራል፣ ስሙም ሲቪ ላይ ያደምቃል። ማተሚያ ቤት የሚሄደው ሌላው ሁሉ እምቢ ሲለው ነው። እዚያ ያለው የቀለም ሽታ፣ የማሽን ጩኸትና «ለነገ ይድረስልኝ» የሚል ደንበኛ ነው። ለሁለትና ሦስት ወር ልምምድ ግን የሚሻለው ማተሚያ ቤቱ ነው። ከአምስት ኮከብ ለማተሚያ ቤት አራት፣ ለማስታወቂያ ድርጅት ሦስት፣ ለቪዲዮ ስቱዲዮ ሁለት ተኩል እንሰጣለን።

ማተሚያ ቤት ውስጥ ተማሪው የነካው ፋይል ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ወረቀት ሆኖ እጁ ይገባል፤ ስህተቱም አብሮት። ፌስቡክ ላይ የወጣ ፖስት ፊደል ቢሳሳት ይሰረዝና ይተካል። 2,000 ኮፒ የታተመ ብሮሹር ላይ ሲሆን ግን ወረቀቱም ቀለሙም ፕሌቱም (ገጹ የተቀረጸበት የማተሚያ ሳህን) ሄዷል፤ የሚቀረው ኪሳራው በማን ይቆጠር የሚለው ጭቅጭቅ ነው። እንዲህ ያለውን ጭቅጭቅ አንዴ ያየ ተማሪ ሳይፈትሽ ፋይል አይልክም።

የመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ሎጎ መልሶ በመሣል ነው። ደንበኛው የድርጅቱን ሎጎ ከቴሌግራም ስክሪንሹት አድርጎ ያመጣና ሦስት ሜትር ባነር ላይ ይውጣልኝ ይላል። ተማሪው ምስሉን ኢለስትሬተር ወይም ኮረል ድሮው በሚባሉት የመሣያ ሶፍትዌሮች ውስጥ ከታች ቆልፎ በፔን ቱል (መስመርን ነጥብ በማገናኘት በሚያወጣው መሣሪያ) ከላዩ ይሥላል። ሶፍትዌሩ ራሱ ምስሉን ተከትሎ የሚሥልበት፣ አውቶማቲክ ትሬስ የሚባለው አቋራጭ ስክሪን ላይ ደህና ይመስላል፤ ባነር ላይ ሲሰፋ ግን ክቡ ድንች ይሆናል፣ ቀጥታው መስመርም ይንቀጠቀጣል። ክቡን በክብ መሣሪያ፣ ቀጥታውን በሁለት ነጥብ ብቻ ማውጣት ነው፤ ነጥብ በበዛ ቁጥር መስመሩ ይጎረብጣል። አሰልቺ ነው፣ እጅ የሚፈታው ግን በዚህ ነው።

ቀጥሎ የአማርኛ ፊደል ጣጣ ይመጣል፤ ይህን ክፍል ውስጥ በደንብ የሚያስተምር ብዙም የለም። የቆዩ ፋይሎች በአብዛኛው በፓወር ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፉ ናቸው። እነዚህ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ጽሑፉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ግዕዝ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልማዱ ግን ዛሬም አልጠፋም። ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ከመላኩ በፊት ጽሑፉ በሙሉ ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ ይቀየራል፤ ሊታረም የሚችለው ቅጂ ግን በሌላ ስም ይቀመጣል። በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ የመጣ ጽሑፍ እንደ ቋ፣ ኳና ጓ ያሉትን ፊደላትና የግዕዝ ቁጥሮችን ይዞ እንደገና መነበብ አለበት። አራት ነጥብም ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመትቶ ከመጣ የመስመር መጨረሻ ላይ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንድ ወጥ በሆነው «።» መተካት ነው።

ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ድረስ የገባ ተለማማጅ የቀን መቁጠሪያ ይደርሰዋል። ይህ ሥራ ብቻውን የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ያህላል። ከጳጉሜ በቀር እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ የወሩ 1 ቀን ከቀደመው ወር 1 ቀን ሁልጊዜ በሁለት ዕለት ይርቃል። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነው፤ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ እያለ ይሄዳል። ይህ ሰንሰለት የተበጠሰበት ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው፤ መንስኤውም ብዙ ጊዜ ካለፈው ዓመት ፋይል የተገለበጠ ገጽ ነው። ሌላው ወጥመድ የረድፍ ብዛት ነው። ሳምንቱ ከሰኞ የሚጀምር ሠንጠረዥ ለ30 ቀን አምስት ረድፍ ይበቃዋል፤ ወሩ እሁድ ሲገባ ግን ስድስተኛ ረድፍ ይፈልጋል። በ2018 ይህ የሚደርሰው በየካቲት ነው። ዲዛይኑን በመስከረም ገጽ ብቻ አስወስኖ ያስጸደቀ ሰው የካቲት ላይ ሲደርስ 30ን የሚያስቀምጥበት ያጣል።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ነው። ፋይሉ በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ይሁን፣ ፎቶው በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይኑረው፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር የሚያልፍ ትርፍ) ይውጣለት፤ ኤ4 ከነብሊዱ 216 በ303 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጽሑፍ ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። በሦስት የሚታጠፍ ኤ4 ብሮሹር 99 ሚሊ ሜትር እየተባለ እኩል አይከፈልም፤ ሁለቱ ገጽ 100፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፈው 97 ነው። እኩል ከተከፈለ የውስጡ ገጽ ማጠፊያው ላይ ይጨማደዳል። በመሃል ስፌት የሚጠረዝ መጽሔት የገጹ ብዛት ለአራት የሚካፈል መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ተማሪ ከመጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል። ማሽኑ ሥር የሚገኘው ትምህርት ግን እንዲህ ያለው ነው፦ ሉሁ ሲወጣ ትንንሹ ጽሑፍ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይዞ ይታያል። ተማሪው «ጋሼ፣ ማሽኑ ነው እንዴ?» ይላል። ማሽኒስቱ ማጉያውን ያቀብለውና «ጥቁሩን በአራት ፕሌት ልከህልኝ፣ ማሽኑን ታማዋለህ?» ይለዋል። አራት ቀለም በአንዲት ቀጭን ፊደል ላይ እንዲገጥም መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የጽሑፍ ጥቁር 100 በመቶ ጥቁር ብቻ፣ ሌሎቹ ዜሮ መሆን አለባቸው።

አንዱን ኮከብ የቀነስነው በምክንያት ነው። ማተሚያ ቤት ሐሳብ ማፍለቅ አያስተምርም፤ ደንበኛው የሚፈልገው ባለፈው ዓመት የተሠራውን ነው። ተቆጣጣሪ ያልተመደበለት ኢንተርን ወሩን ሙሉ ደረሰኝና ቢዝነስ ካርድ ሲለቅም ይከርማል። በትልልቆቹ፣ ለምሳሌ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ በቆየው በብርሃንና ሰላም ደረጃ ባሉት፣ ዲዛይኑ፣ ሕትመቱና ጥረዛው የተለያየ ክፍል ስለሆነ በየክፍሉ መዞርን ገና ሲገቡ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመቁረጫ ማሽን አጠገብም ቀልድ የለም፤ በሁለት እጅ ተጫን የሚለው ቁልፍ በከንቱ አልተሠራም። አንዱን ቁልፍ በፕላስተር አስረው የሚሠሩበት ቤት ከተገኘ ልምምዱን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ማስታወቂያ ድርጅት የሚሰጠው ጥሩ ነገር ብሪፍ (ደንበኛው የሚፈልገውን የሚገልጽ ጽሑፍ) ማንበብ፣ ሦስት አማራጭ ማቅረብና ሥራን በሰው ፊት መከላከል ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሥራውን ቁጭ ብሎ የሚያይለት አንጋፋ ዲዛይነር ሲኖር ነው። ከሌለ ተለማማጁ የሚውለው አንዱን ፖስት ከ1080 በ1080 ወደ 1080 በ1920 ሲለውጥ ነው። በዓል ሲቃረብ ደግሞ «እንኳን አደረሳችሁ» ነው፤ ለባንኩ አደይ አበባ፣ ለኢንሹራንሱ አደይ አበባ፣ ለውኃ ፋብሪካውም ያችው አደይ አበባ። በዚህ የተሞላ ፖርትፎሊዮ ለቀጣሪ የሚናገረው ነገር የለም። ቃለ መጠይቅ ላይ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ በቂ ናት፦ ከዚህ በፊት የነበሩ ኢንተርኖች የሠሩት ታትሞ ወይም ተለጥፎ የወጣ ሥራ ይታይ። ማሳየት ካቃታቸው አለመግባት ይሻላል።

ቪዲዮ ስቱዲዮ፣ በተለይ በሰርግ ሰሞን፣ ጉልበት ይፈልጋል። መብራት መሸከምና ባትሪ መቁጠር የግድ ነው። ከኤዲቲንግ ወንበር የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ቢያንስ ሁለት ነገር ይገኝበታል፦ ሜሞሪ ካርድ በሁለት የተለያየ ዲስክ ሳይገለበጥ ፎርማት እንደማይደረግ፣ እንዲሁም የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ሸተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ላይ ካልሆነ የአዳራሹ መብራት ሊርገበገብ እንደሚችል።

የትም ቢገባ ወረቀቱ ከመጀመሪያው ቀን ይለቅ። የሥራ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል መኖር አለመኖሩ፣ የተቆጣጣሪው ስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራን በፖርትፎሊዮ የማሳየት ፈቃድ በጽሑፍ ይስፈር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ባለቤቱ አሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል። ኢንተርን ተቀጣሪ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ውስጥ ከመግባት አንድ መስመር ማስፈረም ይቀላል። የመመዘኛ ቅጹም ለመጨረሻው ቀን አይተው፤ ያን ዕለት የሚሞላ አለቃ ሁሉንም «በጣም ጥሩ» ላይ ያሰምርበትና ይሸኛል። ወር በገባ ቁጥር የተሠራው የሚጻፍበትን መዝገብ ይዞ ማስፈረም ነው። ከማተሚያ ቤት ሲወጡ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ናሙና አስፈቅዶ መያዝ ይገባል፤ አንዱ ተቆርጦ ያለቀለት፣ ሌላው ከነመቁረጫ ምልክቱና ከነቀለም አሞሌው ያልተቆረጠ ሉህ። ሁለተኛውን ያየ ቀጣሪ ልጁ ማሽን አጠገብ እንደቆመ ወዲያው ይገባዋል።