ከላፓሮስኮፒ በኋላ፦ ማስታገሻን በሰዓቱ መዋጥ ወይስ ሲያም ብቻ?

በላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ በሚሠራ ዘዴ) የማህፀን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ብዙ ጊዜ ቶሎ ወደ ቤቷ ትሸኛለች። ቤቷ በአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ከሆነ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ መውጣት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩ ከሆስፒታል ሳይወጡ ይታሰብበት።

«ሲያመኝ እውጣለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ መድኃኒት ማብዛት ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን ሕመም አንዴ ከበረታ ማስታገሱ ይከብዳል፣ የተዋጠውም ክኒን እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ መሳልም ከአልጋ መውረድም ያስፈራል።

በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት በሰዓቱ መዋጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ለአዋቂ የተለመደው ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ። ክብደቷ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ወይም ጉበቷን የሚያማት መጠኑ ይቀነስላታል። ሐኪሙ ከፈቀደ አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ይጨመራል፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለባት አስቀድማ ትናገር። የፓራሲታሞሉን ሰዓት በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ጻፉት፦ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። ጠንከር ያለው ማስታገሻ ትራማዶል ለባሰ ጊዜ ይቆይ፤ ያጥወለውላል፣ ሆድም ያደርቃል።

ትከሻ ላይ የሚወጋው ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሆድን ለመንፋት የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ስለሚቆጠቁጥ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይለቃል፣ ቤት ውስጥ ቀስ እያሉ መራመድም ጥሩ ነው።

ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ እየተነፋ ከሄደ ወይም ደም ከበዛ ግን ክኒን አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።