ያማሃ ዋይሲኤል 255 ክላርኔት፦ በአዳማ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ለተማሪ የሚሆን ክላርኔት ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ድምፁ ውበት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ያማሃ ዋይሲኤል 255ን ካለፈው መስከረም ጀምሮ በአዳማ ስጠቀምበት ቆይቼ የተረዳሁት፣ ከድምፁ በፊት መታየት ያለበት ጉዳይ መሣሪያው እንደተስተካከለ ከወር ወር መዝለቅ መቻሉ መሆኑን ነው። ነፋስና አቧራ በማይለያት፣ በጋዋም ደረቅ በሆነ፣ የትንፋሽ መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝባት ከተማ ውስጥ፣ ጀማሪው ይማር ወይስ ተስፋ ይቁረጥ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይኸው ነው።

መሣሪያው የቢ ፍላት (በዶ ሬ ሚ አጠራር የሲ ፍላት) ክላርኔት ነው። አካሉ ኤቢኤስ ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ቁልፎቹ በኒኬል የተለበጡ ናቸው፤ 17 ቁልፎችና 6 ቀለበቶች አሉት፤ አብሮት የሚመጣው ማውዝፒስም፣ ማለትም አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋው ጫፍ፣ የያማሃው 4ሲ ነው። የጣት አቀማመጡ ያሲንት ክሎዜ እና ሉዊ ኦጉስት ቡፌ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 ባለው ጊዜ በፓሪስ ያዳበሩት፣ ዛሬ የቦም ሥርዓት እየተባለ የሚጠራው ነው። ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የሚነፉት የቦም ክላርኔቶችም በመሠረቱ በዚሁ አቀማመጥ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ተማሪው በዚህ መሣሪያ የለመደው ጣት ወደ ውድ መሣሪያ ሲሸጋገር አብሮት ይሄዳል።

መስተካከል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ትዝታን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። አብሮን የሚለማመደው ኪቦርድ ተጫዋች ጓደኛችን ከዶ ተነስቶ ትዝታ ሜጀርን ሲያወጣ፣ ክላርኔት የያዘው ሰው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ከሬ መነሳት አለበት፤ በዚህ መሣሪያ ዶ ተብሎ የተጻፈው ኖታ ለጆሮ የሚደርሰው ሲ ፍላት ሆኖ ነውና። ስለዚህ ቅኝቱ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ ይሆናል። ችግሩ ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ድምፆች መካከል ነው። ላ ሲነፋ የግራ እጅ አመልካች ጣት አንዲት ትንሽ ቁልፍ ከመንካቷ በስተቀር ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲ ለማውጣት ግን ቀዳዳዎቹ በሙሉ መደፈን፣ አውራ ጣት ቀዳዳዋን እንደደፈነች ድምፁን ወደ ላይኛው ክልል የምታሻግረውን የሬጂስተር ቁልፍ መክፈት፣ ትንሿ ጣትም ረጅሙን የታች ቁልፍ መጫን አለባቸው፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ቅጽበት ነው። የትዝታ ዜማ ደግሞ በዚህ ድንበር ላይ ደጋግሞ ይመላለሳል። ላን እየነፉ የቀኝ እጅ ጣቶችን አስቀድሞ ማስቀመጥ መንገዱን በእጅጉ ያቀልላል፤ መሣሪያው ካልታዘዘ ግን ይህም ዋጋ የለውም።

መታዘዝ የምለው እዚህ ላይ ነው። ሲ በሚነፋበት ጊዜ በታችኛው አካል ጫፍ አካባቢ ያሉት ሁለት ትልልቅ ፓዶች (ቀዳዳ የሚደፍኑ ለስላሳ ክዳኖች) እኩል ሰዓት መግጠም አለባቸው፤ ትንሿ ጣት አንዱን ቁልፍ ስትጫን ሌላው በአንዲት አነስተኛ የብረት ጥፍር ተጎትቶ አብሮ ይዘጋል። ያቺ ጥፍር የወረቀት ውፍረት ያህል እንኳ ብትጎብጥ አንደኛው ፓድ ሳይገጥም ይቀርና ድምፁ ወይ ይጮኻል ወይ ጭራሹን አይወጣም። ከመካከላችን አንዱ የገዛው ስም የሌለው ርካሽ ክላርኔት ላይ ብረቱ ለስላሳ በመሆኑ ይህቺ ጥፍር በየጥቂት ሳምንቱ ትጎብጣለች፤ ልጁም ለረጅም ጊዜ ትንፋሼ ደካማ ነው ብሎ ራሱን ይወቅስ ነበር። የእኔን መሣሪያ ሲነፋ ያው ሲ ያለ ችግር ወጣለት። ጥፋቱ የእርሱ እንዳልነበረ በዚያች ቅጽበት ገባው፤ እንዲህ ዓይነት ተማሪ በመሣሪያው ምክንያት ሙዚቃን ሲተው ማየት ያሳዝነኛል። የእኔው 255 ላይ ያቺ ጥፍር እስካሁን አልተነካካችም፤ ሁለቱ ፓዶችም ሲገዛ እንደነበሩት እኩል ይገጥማሉ።

ያገለገለ ክላርኔት የሚገዛ ሰው ይህንን በቀላሉ መፈተሽ ይችላል። የላይኛውን አካል ብቻውን ይዞ ቀዳዳዎቹን በጣት፣ የታችኛውን አፉን በመዳፍ ደፍኖ በላይኛው ጫፍ አየሩን ወደ ውስጥ ቢስበው፣ በደንብ የሚገጥም መሣሪያ አየሩን ለጥቂት ሰከንዶች አምቆ ይይዛል፤ የሚያፈስ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ከሳክስፎን ይልቅ ክላርኔትን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት በእነዚያ 6 ቀለበቶች ውስጥ ያሉት ክፍት ቀዳዳዎች ናቸው። በሳክስፎን ላይ ጣት ቀዳዳውን ራሱን አይነካም፤ በመሃል ፓድ አለ። በክላርኔት ግን ጣት ቀዳዳው ላይ ስለሚያርፍ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ ሊከፍተው ይችላል፤ በእኛ ዜማ ውስጥ ያለው ድምፅን የማጠፍና የማንሸራተት ጠባይ በዚህ መንገድ ከማሲንቆ ጋር ይቀራረባል። ይህን ስል ሳክስፎን አይችልም ማለቴ አይደለም፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ቀረርቶን በሳክስፎን ሲያሰማ ከንፈርና ትንፋሽ ምን ያህል መሥራት እንደሚችሉ አሳይቷል። ለጀማሪ ግን ጣት ከከንፈር ቀድሞ ይታዘዛል። የ255 ቀለበቶች ከፍታ እኩል በመሆኑ ማንሸራተቱ ለስላሳ ነው፤ በላብ ጊዜ ግን የኒኬሉ ልስላሴ ጣትን ስለሚያንሸራትት በብር የተለበጠ ቁልፍ ይሻል ነበር እላለሁ።

የአዳማ ሙቀት ሰፋ ያለ ቦታ የሚሰጠው ጉዳይ ነው። የምንለማመደው ከፖስታ ቤት ብዙም በማይርቅ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲግል ክላርኔቱ ከኪቦርዱ በላይ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት በሰከንድ በ0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፤ ኪቦርዱ ግን ሙቀት አይነካውም፤ ላን በ440 ኸርዝ እንደያዘ ይቆያል። የተለመደው መፍትሔ ከማውዝፒሱ ሥር ያለውን አጭር ቱቦ፣ ማለትም ባረሉን፣ ጥቂት ወደ ላይ መሳብ ነው። ሆኖም ባረሉ ብቻውን ብዙ ሲሳብ ለማውዝፒሱ ቅርብ የሆኑት ድምፆች፣ እነ ሶልና ላ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ይወርዳሉ፤ ትዝታው መሃሉ ላይ የተዛባ ይመስላል። ስለዚህ ባረሉን በትንሹ፣ የላይኛውንና የታችኛውን አካል የሚያገናኘውን መጋጠሚያ ደግሞ እንዲሁ በትንሹ በመሳብ ልዩነቱን ማካፈል ይገባል። በዚህ መልኩ ሲያዝ 255 ለተማሪ መሣሪያ የሚያስመሰግን የድምፅ ስምምነት አለው። ጉሮሮ በሚባለው፣ እነ ሶልና ላ በሚገኙበት ክልል ያለው ሲ ፍላት ደብዘዝ ይላል፤ ይህ ግን የሬጂስተር ቁልፏ ቀዳዳ ሁለት ሥራ እንድትሠራ ከመደረጓ የመጣ፣ በውድ ክላርኔቶችም ላይ የሚገኝ የአሠራሩ ጠባይ ነው።

ሁላችንም የምንመኘው የእንጨት ክላርኔት ነው። የሚሠራበት እንጨት ግሬናዲላ ወይም የአፍሪካ ጥቁር እንጨት ይባላል፤ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚቆረጠው በአብዛኛው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ቢሆንም ዛፉ በአገራችን ደረቅ አካባቢዎችም ይበቅላል። ክብደቱ ከውሃ ስለሚበልጥ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። የአንደኛው ባልንጀራችን ያገለገለ የእንጨት ክላርኔት ከእኔው ጎን ሲነፋ፣ ጮክ ባለ ድምፅ ላይ ልዩነቱ ይሰማል፤ የእርሱ ሲጎላ ይሞላል፣ የእኔ ሲጎላ ይሳሳል። ዝግ ባለ ንፊያ ግን ከክፍሉ ውጭ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። በጥር ወር በነፋሱ ጊዜ የዚያ ክላርኔት ባረል የብረት ቀለበት ላልቶ በጣት ሲነካ መዞር ጀመረ፤ ይህም እንጨቱ ደርቆ መኮማተሩን ያመለክታል። እንጨት የሚሰነጠቀው የትንፋሽ እርጥበት ከውስጥ ሲያሰፋው ውጫዊው ገጽታ ደርቆ ስለሚይዘው ነውና፣ ባልንጀራችን መሣሪያውን እርጥበት ከሚጠብቅ ከረጢት ጋር በሣጥኑ ውስጥ ያኖረዋል፤ በጠዋት ቅዝቃዜም ሳያሞቀው አይነፋውም። አዲስ እንጨት ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተነፋ መለማመድ አለበት። ለፈተና ወይም ለሠርግ ሥራ በየቀኑ ለሰዓታት መለማመድ ያለበት ተማሪ ይህን ሁሉ መጠበቅ ይከብደዋል። የእኔው 255 በዚያው ጥር ከመወልወል በቀር ምንም አልጠየቀም።

ድምፁን ለማሻሻል ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት አካሉ ላይ ሳይሆን ማውዝፒሱና እየተንቀጠቀጠ ድምፅ በሚሰጠው ስስ ምላስ፣ በሪዱ፣ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። 4ሲው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል፤ በቀላሉ ይነፋል፤ ለጀማሪ ከንፈርም የዋህ ነው። ከዚያ በኋላ ጠበብ ይላል። የቫንዶረንን ቢ45 ማውዝፒስ ተውሼ በዚሁ ፕላስቲክ አካል ላይ ስሞክረው ድምፁ ጠለቅ አለ፤ ወደ እንጨቱ ክላርኔት የነበረው ርቀትም ወደ ግማሽ ቀነሰ ብል አላጋነንኩም። ሪድን በተመለከተ፣ በጥንካሬ ቁጥር 2 ጀምሮ ከንፈር ሲጠነክር ወደ 2 ተኩል መሸጋገር ለአብዛኛው ተማሪ ተስማሚ ነው። ሪድ ሸምበቆ በመሆኑ በእኛ ደረቅ አየር ላይ ጫፉ እንደ ሞገድ ይሸበሸባል፤ ክዳን ባለው መያዣ ውስጥ ጠፍጣፋ ሆኖ ካልተቀመጠ ዕድሜው ያጥራል። ካናዳ የሚሠራው የሌዠር ሰው ሠራሽ ሪድ አይደርቅም፤ ዋጋው ግን ከአንድ ሸምበቆ ሪድ ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው፤ ጠንካራነቱን ሳይሞክሩ ማዘዝም ያስቸግራል።

ጥገናው እስካሁን ቀላል ነው። መጋጠሚያዎቹ ላይ ያለው ቡሽ በደረቁ ወራት ቶሎ ቶሎ ቅባት ይፈልጋል፤ ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቢቴ አልፎ አልፎ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሞላዎቹን እንዳያዘገይ ቁልፎቹን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበጃል። ከንፊያ በኋላ ውስጡን በጨርቅ ሳይወለውሉ ሣጥን ውስጥ መክተት የፓዶቹን ስስ ሽፋን ያበላሻል። አካሉ ፕላስቲክ ነው ብሎ መሣሪያውን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም አይገባም፤ ፓዶቹን የያዘው ሙጫ በሙቀት ይላላል። የአውራ ጣት ማሳረፊያው ከፍና ዝቅ የሚል፣ ማንጠልጠያ የሚገባበት ቀለበትም ያለው በመሆኑ፣ እጃቸው ትንንሽ የሆኑ ልጆች ያለ ሕመም ረዘም ላለ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ።

ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚዘጋጅ፣ የኦርኬስትራ ሥራንም ከልቡ የሚያስብ ተማሪ አንድ ቀን የቡፌ ክራምፖንን ኢ11 ወይም የያማሃን ዋይሲኤል 450 ቢመኝ እውነት አለው፤ ሁለቱም የእንጨት ናቸው። ከዚያ በላይ ያለው፣ ሮበር ካሬ እ.ኤ.አ. በ1955 የቀረጸው የቡፌ አር13፣ የብዙ ባለሙያዎች ምርጫ ነው፤ እኔም እመኘዋለሁ። ለጊዜው ግን ያጠራቀምኩት ለቢ45ና ለሁለት ሳጥን ሪድ ይውላል፤ የእንጨቱ መሣሪያ ሲገዛም 255ን አልሸጠውም፤ ለበጋው ነፋስና ለቆርቆሮው ክፍል ይቀመጣል።