ኤንሲዲዩ፦ ዲስኬን ማን እንደበላው የነገረኝ ጥቁር ስክሪን

ቅዳሜ ሠርግ፣ እሁድ መልስ፣ ሰኞ ጠዋት «ዲስኩ ሞልቷል»። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ቪዲዮ ቤት ኮምፒውተሮቹን የማየው እኔ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ከሰላምታ በፊት የሚደርሰኝ ይሄ ወሬ ነበር። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፦ «አቦ ተወው፣ ታይዋን ገበያ ሄጄ ሌላ ሃርድ ዲስክ እገዛለሁ!» ሦስት ገዛ። ሦስቱም ሞሉ።

ፋይሎቹ የሚቀመጡት ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ስክሪን የለውም። በድሬ ሙቀት እንዳይቃጠል ቬንትሌተር ሥር አስቀምጠነዋል፣ እኔ ከላፕቶፔ በኤስኤስኤች፣ ማለት በኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር ሆነህ ትእዛዝ በምትሰጥበት መንገድ፣ እገባበታለሁ። ማውዝ የለ፣ መስኮት የለ፣ ሁሉም በትእዛዝ ነው።

መጀመሪያ የምጽፈው ዲኤፍ (df) ነው፣ ሰረዝ ኤች (-h) ጨምሬበት። ያለ ሰረዝ ኤች ከጻፍከው ቁጥሩ በኪሎባይት ይመጣና ዜሮ ስትቆጥር ትውላለህ። ዲኤፍ ፈጣን ነው፣ ግን እንደ መጋዘን ዘበኛ ነው። «ሞልቷል» ይልሃል እንጂ የማን ጆንያ ቦታውን እንደያዘ አያውቅም። ጆንያውን የሚመዝነው ዲዩ (du) የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሁለቱም የዛሬ ልጆች አይደሉም፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው ዩኒክስ፣ የሊኑክስ አያት በሆነው ሲስተም፣ ላይ ነበሩ። ዲዩ ሥራውን ያውቃል፣ ጸባዩ ግን ያታክታል። ዝም ብለህ ከጠራኸው የእያንዳንዱን ንዑስ ፎልደር መስመር ይዘረግፍብሃል። ጥልቀቱን በአንድ ገድበህ፣ ውጤቱን በመጠን ወደሚደረድረው ሶርት አሳልፈህ ትልቁን ታገኛለህ፣ እሺ፣ ከዚያ ወደዚያ ፎልደር ገብተህ ያንኑ እንደገና መጻፍ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ታች። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

ኤንሲዲዩን (ncdu) ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ዮራን ሄሊንግ የሚባል ፕሮግራመር የጻፈው ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ በአንድ የአፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) ትእዛዝ ይገባል፣ ክብደቱም ከአንድ ፎቶ ያንሳል። 2.0 ቨርዥን እ.ኤ.አ. በ2022 ዚግ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ ተጽፎ ወጥቷል፣ ኡቡንቱ 22.04 ላይ የሚመጣልህ ግን የድሮው 1.15 ነው። ለእኔ ሥራ ምንም አላጎደለብኝም።

ዕቃው ራሱ እንደ ድሬ ሰው ነው፣ አንቱ የለ፣ ዙሪያ ጥምጥም የለ። ፎልደሩን አንዴ ይቆጥራል፣ ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ ያሳይሃል። በቀስት ትወርዳለህ፣ በኢንተር ትገባለህ፣ በግራ ቀስት ትመለሳለህ። በቃ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሠርግ ገብቼ አየሁ፦ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል የመጨረሻ»፣ «ፋይናል ወላሂ የመጨረሻ»። አንድ ቪዲዮ አራት ጊዜ ኤክስፖርት ተደርጓል! ከሥሩ ደግሞ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ለቅድመ እይታ የሚፈጥራቸው ፋይሎች፣ ሙሽሮቹ ልጅ ከወለዱም በኋላ ተቀምጠው። ባለቤቱን ጠርቼ አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለና «አንተ፣ ይሄን ከዛሬ በፊት ለምን አላሳየኸኝም?» አለኝ።

አሁን ወደ ወቀሳው። ዲ የምትለዋን ቁልፍ ስትጫን ያጠፋል፣ ሲያጠፋም ቅርጫት የሚባል ነገር የለም፣ ሄደ ማለት ሄደ ነው። በርግጥ መጀመሪያ ይጠይቅሃል። ግን ከምርጫዎቹ አንዱ «ሁለተኛ አትጠይቀኝ» የሚል ነው፣ የሰው ሠርግ ባለበት ማሽን ላይ እሱን የሚመርጥ ሰው ልቡ ደንዳና ነው። ለሌላ ሠራተኛ ስትሰጥ በሰረዝ አር ክፈትለት፣ ያኔ ማየት እንጂ ማጥፋት አይችልም። ሌላው፣ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ቆጠራው ይጎተታል። እኔ ማታ በሰረዝ ኦ ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጬ እተኛለሁ፣ ጠዋት በሰረዝ ኤፍ እከፍተዋለሁ። ከሲስተሙ ሥር (/) ጀምረህ ስታስቆጥር ደግሞ ሰረዝ ኤክስ አትርሳ፣ አለዚያ የተሰካውን ውጫዊ ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቆጥረዋል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የእሱ ጥፋት አልነበረም። አንድ ማታ 180 ጊጋ የሚሆን ጥሬ ቪዲዮ አጠፋሁ። ኤንሲዲዩ ቀንሷል አለ፣ ዲኤፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ግማሽ ሌሊት ፈለግኩ። ለካ አንድ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘ ነው ያጠፋሁት፣ ሊኑክስ ደግሞ የያዘው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ቦታውን አይመልስም። ስሙ ከፎልደሩ ስለተሰረዘ ዲዩም ኤንሲዲዩም አያዩትም። የሚያየው ኤልኤስኦኤፍ (lsof) የሚባለው ትእዛዝ ነው፣ መደመር፣ ትልቁ ኤል እና 1 (+L1) ጨምረህ ስትጽፈው የጠፉ ግን የተያዙ ፋይሎችን ያወጣል። ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት፣ 180 ጊጋው ተመለሰ።

ዲኤፍ የሚያሳይህ ባዶ ቦታ ከጠበቅከው የሚያንስበት ሌላም ምክንያት አለ። ዲስኩ በኢኤክስቲ4 (በሊኑክስ የተለመደው የፋይል አቀማመጥ) ሲፎርማት 5 በመቶው ለሩት፣ ማለት ለሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ፣ ይቀመጣል። ባለ 2 ቴራ ዲስክ ላይ ይሄ ወደ 100 ጊጋ ነው፣ ቀላል አይደለም። ቪዲዮ ብቻ በሚቀመጥበት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ በቱንቱኤፍኤስ (tune2fs) ትእዛዝ ወደ 1 በመቶ አወረድኩት። ሲስተሙ ያለበትን ግን አልነካሁም፣ እናንተም አትንኩት።

ስክሪን ያለው ኡቡንቱ ፊት የተቀመጠ ሰው ኤንሲዲዩ አያስፈልገውም፣ ባኦባብ የሚባል ፕሮግራም አለለት፣ ዲስኩን በቀለማት ክብ እየከፋፈለ ያሳያል፣ ለዓይንም ያምራል። እንደኔ በኤስኤስኤች የሚገባ ግን ዛሬውኑ ይጫነው። ሦስተኛው ሃርድ ዲስክ አሁን ተራግፎ ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፣ ባለቤቱ ሊሸጠው ሰው እያፈላለገ ነው።